እንቅልፍ በጪጩ መንገድ

«ገድለሽው ስታበቂ ደግሞ ልትቀብሪው ነው? ምን እንዳጠጣሽው ንገሪያቸው እንጂ!»

«ስመኝ፣ እግዜር ይይልሽ! ወንድምሽን እኔ ልግደለው?»

«ሃይላንዱ የማን ነው ታዲያ? የኔ ነው?»

ዋና ኢንስፔክተር ዘነበ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ሁለቱ ሴቶች በሳጅን ዳምጠው ግራና ቀኝ ቆመው ይጯጯሁ ነበር። ዘነበ የሩጫ ቁምጣውን ገና አልለወጠም። የተወዳዳሪ ቁጥሩ ደረቱ ላይ እንደተለጠፈ፣ ከሰው የተዋሰውን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ታፋውን እየያዘ ያነክሳል። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት የዲላ ከተማ ወንጀል ምርመራ ኃላፊ ዛሬ ንጋት ላይ ከእኩዮቹ ከግዛቸውና ከታዲዮስ ጋር ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ነበር። ውድድሩ ግማሽ ርቀት ትራያትሎን ይባላል። ሐይቁን ዋኝተው ሲወጡ ብስክሌት ይዘው ዲላ ድረስ ይመጣሉ፤ ብስክሌቱን እዚህ ድንኳን አቁመው ደግሞ ወደ ጪጩ ሮጠው ይመለሳሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ልጆቻቸው እየሳቁባቸው ዓመቱን ሙሉ ሲለማመዱ ከርመዋል።

ግዛቸው ከጪጩ አልተመለሰም።

ያገኘው ዘነበ ነው። ከኋላ ሲከተለው እንደ ሰካራም ሲወላገድ አየና አልታዘዝ ያለ እግሩን እየጎተተ ደረሰበት። ግዛቸው መንገድ ዳር እንሰት ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። «ዘነበ፣ እንቅልፌ መጣ» አለ። ከዚያ አስመለሰው፤ ጭንቅላቱ በዘነበ ክንድ ላይ እንዳለም ትንፋሹ ቆመ። ነገሩ ያልገባቸው ወጣቶች «አይዞን ፋዘር!» እያሉ በአጠገባቸው ያልፉ ነበር።

የውድድሩ ሐኪም ከሆዱ የወጣውን አይቶ ተፈጭቶ የተሰጠው የእንቅልፍ ክኒን ነው ብሏል። ዳምጠው ደግሞ ግዛቸው ዕቃውን ካኖረበት ቦታ ጠበል የነበረበት ባዶ ሃይላንድ አገኘ፤ ከሥሩ ያልሟሟ የክኒን ፍርፋሪ አለ። ሃይላንዱን ያመጣችው ሚስቱ ጥሩብርሃን ናት።

«አለቃ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ዳምጠው። «ወይዘሮዋን ጣቢያ ላስገባ። ነገ እሑድ ነው፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«ነገ እኮ ቀብሩ ነው!» ጥሩብርሃን መሬት ላይ ዘፍ አለች። «ጋሽ ዘነበ፣ ከቀብሩ በኋላ እሰሩኝ። ስቀሉኝም። አፈር ሳላለብሰው ግን እንዴት ብዬ…»

«ቆይ ዳምጠው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።» ዘነበ ወንበር ስቦ እያቃሰተ ተቀመጠ። «ጥሩዬ፣ ጠበሉን መቼ ጠጣ?»

«ሐዋሳ፣ ሳይነጋ። የቀረው ለጉልበቱ ነበር። ከብስክሌት ሲወርድ ሊቀባው ብሎ እኔ ይዤለት መጣሁና እዚህ አኖርኩለት።»

«ሲቀባ አየሽው?»

«የት አይቼ! አስፋልቱ ዳር ቆሜ ስጠብቀው ነበር። ሮጦ ሲወጣ እልል አልኩለት፤ ቀና ብሎም አላየኝ።»

«ስመኝ፣ አንቺስ ምን ሰጠሽው?»

«ሙዝ ነዋ! ልጬ አጎረስኩት። መርዝ የለበትም፤ ልጣጩ ያውልህ። ከዚያ ለሌሎቹ ውኃ ላቀብል ዞርኩ።»

«አጠገቡ ማን ነበር?»

«ታዲዮስ። አብረው ነው የገቡት።»

«አብረው?» አለ ዘነበ።

ታዲዮስ ብስክሌቶቹ አጠገብ ቆሞ ነበር። ቡና ነጋዴ ነው፤ ባለፈው ዓመት ውድድሩን ከሽማግሌዎቹ አንደኛ ሆኖ ጨርሷል። ሲጠራ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ወንድም ዘነበ፣ ምን ልበልህ? ዓይኔ እያየ ነው። ሙዙን ዋጠና ጠበሉን አንስቶ ግጥም አድርጎ ጠጣው። ይቅር ይበላት እንጂ ሌላ ምን ይባላል!»

«አንተስ መንገድ ላይ ምን ስትወስድ ነበር?»

«ውኃ ብቻ። ሌላ ሆዴ አይችልም።»

«አምና ገና አፖስቶ ስንደርስ መንገድ ላይ ጥለኸን የጠፋኸው ሰውዬ፣ ዘንድሮ ከግዛቸው ጋር ስትንፏቀቅ መጣህ?»

«እርጅና ነዋ» አለና ሳቀ ታዲዮስ፤ ሳቁ ወዲያው ቆመ።

ዘነበ ተነሥቶ እያነከሰ ወደ ብስክሌቶቹ ሄደ። የታዲዮስ ብስክሌት ሁለት የጠርሙስ ማቀፊያ አለው፤ አንደኛው ባዶ ነው። ከባዶው በታች ዘንጉ ላይ ቡናማ ነገር ፈስሶ ደርቋል። ዘነበ በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሸተተው። ከዚያ የጠበሉን ሃይላንድ ከዳምጠው ተቀብሎ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገና ብዙ አየው።

ሲመለስ ጥሩብርሃን አጠገብ ጎንበስ አለ። «ግዛቸው ስለ ታዲዮስ ያወራሽ ነገር ነበር?»

«ተጣልተው ነበር። ‹ዛሬ ሜዳሊያ ሲሰጥ ወይ እሱ እውነቱን ይናገራል፣ ወይ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። እውነቱ ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ዘነበ ቀና አለ። «ሁላችሁም ቅረቡ። ታዲዮስ፣ አንተም።»

ቀረቡ።

«ወይዘሮዋን የምናስራት በሃይላንዱና በአንድ ሰው ቃል ነው። ታዲዮስ ‹ሙዙን በልቶ ጠበሉን ጠጣ› ብሎናል። ስመኝ፣ ወንድምሽ እህል ቀምሶ ጠበል ይጠጣ ነበር?»

«በስመአብ! ጠበል ሳይቀምሱ ነው እንጂ! ግዛቸው? በሽታ ላይ ወድቆ እንኳ አያደርገውም!»

«እኔ ጴንጤ ነኝ» አለ ዘነበ፤ «ግን ከግዛቸው ጋር አጥር ለአጥር ነው የኖርኩት። ጠበል ሲመጣ ልጆቹ ቁርስ እያማራቸው ተሰልፈው ሲጠብቁ አይቼ ስቄ አውቃለሁ። ይህን ታሪክ የፈጠረው ያንን ሰልፍ ያላየ ሰው ነው።»

«ፍርፋሪውስ ታዲያ?» አለ ዳምጠው።

«ነጩን ብቻ አትይ። የተጣበቀበት ቡናማው ምንድን ነው?»

ዳምጠው ሃይላንዱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «በሶ!»

«ክንዴ ላይ ያስመለሰውም በሶ ነበር። ሽታው እስካሁን አለብኝ። ጥሩብርሃን ጠበል አመጣች፤ ስመኝ ሙዝ ሰጠች፤ እዚህ በሶ የሰጠው የለም። ስለዚህ መንገድ ላይ ነው የጠጣው። ወፍራም በሶ ከስኳር ጋር ተበጥብጦ የማይደብቀው ነገር የለም። እንደኛ ያለ ሽማግሌ ደግሞ ያ ሁሉ ዳገት ካለፈ በኋላ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል፤ እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር። መንገዱን ሙሉ ከጎኑ ያልራቀው ማነው? ውኃ ብቻ ነው የምጠጣው ያለን ሰው ነው። ብስክሌቱ ላይ ግን በሶ ፈስሶ ደርቋል፤ ጠርሙሱም የለም።» ወደ ታዲዮስ ዞረ። «ግዛቸው ጠበሉን ጉልበቱ ላይ አፍስሶ ወጣ። ስመኝ ዞራለች። ባዶውን ሃይላንድ አነሣህና የበሶውን አተላ ገለበጥክበት።»

ታዲዮስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እንዲሞት አልነበረም። እንቅልፍ እንዲጥለው ብቻ ነበር… መንገድ ዳር ተኝቶ እንዲቀር፣ መድረክ ላይ እንዳይወጣ። አልተኛም። ብስክሌቱን እየነዳ ዲላ ገባ። ስፈራ ሃይላንዱ ዓይኔ ውስጥ ገባ።»

«ምን ሊናገርብህ ነበር?»

«አምና ከጩኮ ወዲህ አይሱዙ ላይ ተጭኜ ነው የመጣሁት። ስጫን ግዛቸው ከኋላ ሲደርስ አይቶኛል። ለሜዳሊያው ምንም አላለም፤ ስቆ ነው ያለፈው። ግን ሜዳሊያውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ጌታ በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴን አደሰው ብዬ ምስክርነት መስጠቴን ሰማ። ‹በእግዜር ስም ዋሸህ፤ ይሄንንስ አልሸሽግልህም› አለኝ። በየትኛው ዓይኔ ጉባኤውን ላያቸው ነው?»

«እኔም ጉባኤው ውስጥ ነበርኩ» አለ ዘነበ። «አሜን ብያለሁ።»

ዳምጠው ካቴናውን አወጣ። ስመኝ «ጠጣ እያልክ በእጅህ ሰጠኸው!» ብላ ታዲዮስ ላይ ተወረወረች፤ ሰው ሁሉ ሊገላግል ተረባረበ። ጩኸቱን የሰሙ ተወዳዳሪዎች ከውጭ እየተጋፉ ገቡ። ማዶ መድረኩ ላይ ያለው ሰውዬ ምንም ሳያውቅ የአሸናፊዎችን ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ዘነበ ሊያስለቅቅ ሲነሣ ታፋው ተኮማተረና ወንበሩን ጨብጦ ቀረ። «ሰውየውን አትምቱት! ዳምጠው፣ አውጣው!»

ጥሩብርሃን ከመሬት ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ በድንኳኑ ጓሮ በኩል ወጥታ፣ አስከሬኑ ወዳለበት ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ያዘች።