ያልደረቀው ጀሶ

እኔ በጂንም በሙት መንፈስም የማላምን ሰው ነበርኩ፣ ሚስቴ እንኳ «አንተ ካልለካኸው የለም ማለት ነው» እያለች ትቀልድብኝ ነበር፣ እውነቷን ነው፤ በደርግ ጊዜ የፖሊስ ሥራዬ ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ እየሄድኩ የእግር ዱካ ላይ ጀሶ ማፍሰስ፣ ሲጠነክር አንስቼ ከተጠርጣሪ እግር ጋር ማስተያየት ነበር።

ሸዋ ሮቢት የሄድኩት ይማም የሚባል ገበሬ ሽንኩርት ማሳው ውስጥ ተገድሎ ነው። እንደ ወጉ በዕለቱ ተቀብሯል፣ እኔ የደረስኩት በማግስቱ ነው። በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶት የነበረው ጎረቤቱ ሰይድ ታስሯል፣ ያን ጊዜ መታሰር ምን እንደነበር መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም። የሰይድ ሚስት ዘይነባ ከጣቢያው በር አልተነሳችም።

ቦዩ ዳር እርጥብ ጭቃ ላይ የባዶ እግር ዱካ አገኘሁ፣ አንድ ብቻ። ጀሶዬን አፈሰስኩ። በዚያ ሙቀት ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ነው የሚደርቀው፣ ይኼኛው ግን ጠነከረ እንጂ ላዩ እንዳላበው ግንባር ረጥቦ ቀረ። ቅርጹ ጥርት ያለ ነው፣ ትንሿ ጣት የለችም። የሰይድን እግር አየሁ፣ አምስቱም ጣቶች አሉ! ደስ አለኝ፣ ለዘይነባም «አይዞሽ፣ ነገ ይፈታል» አልኳት።

አመሻሽ ላይ የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍሉትን የውሃ አባት፣ ጋሽ አሊን፣ ማሳው ላይ አግኝቼ ጀሶውን አሳየኋቸው።

«ይኼማ የይማም እግር ነው» አሉ፣ «በልጅነቱ እባብ ነድፎት ጣቱን ቆረጡለት።»

«ታዲያ ሳይሞት ረግጦት ይሆናላ፣ ጋሽ አሊ።»

«ልጄ፣ ማሳው ሳምንቱን ሙሉ ደርቆ ነው የከረመው። ውሃውን ዛሬ ጠዋት እኔው ነኝ የለቀቅኩት። ይማምን ትናንት ቀበርነው፣ ወላሂ፣ በዚህ እጄ።»

ከጀርባችን ጨቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ አንዴ ብቻ። እመኑኝ፣ ዞር ስንል ሰው የለም፣ ቦዩ ዳር ግን ሌላ ዱካ ነበር፣ ያው ትንሿ ጣት የሌለችው፣ ጣቶቹን ወደ እኔ ያዞረ። ጋሽ አሊ «አዑዙ ቢላህ» እያሉ ጥለውኝ ሄዱ።

የጣቢያው አዛዥ ሻምበል «የሰይድ ካልሆነ የማን ነው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። «የሟቹ» ብል እብድ ነው የምባለው፤ «የሰይድ አይደለም» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃ ነበር፣ ሁለት ቃል። ፈራሁ። «ዱካው ግልጽ አይደለም» ብዬ ፈረምኩ። ሰይድን በማግስቱ በመኪና ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ዘይነባ «ነገ ይፈታል ብለውኝ አልነበር?» አለችኝ።

ይማም ለተጣላው ሰው ሊመሰክር መጥቶ ይሆን? አላውቅም። ጀሶው ዛሬም ቤቴ ነው፣ መጣሉን ፈርቼ። ማታ ጣቶቹን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀምጠዋለሁ፣ ጠዋት ወደ አልጋዬ ዞረው ነው የማገኛቸው፣ ሚስቴ አልነካሁም ትላለች። እጄን ሳሳርፍበት አሁንም እርጥብ ነው።