ያልደረቀው ግንብ

ግንቡ የሚጠጣው ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የዝቅታ ከተማ ዋና መንገድ ይዘጋል፤ ሠራተኞች ረጃጅም መርጫቸውን ተሸክመው በግንቡ ሥር ይሰለፋሉ፤ ተማሪዎች በጓሮ በር ይገባሉ። ይህን አይቶ የሚገረም ሰው የለም። ከባሕር ወለል መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ የሚኖር ሰው፣ ግንቡ ካልጠጣ የባሕሩን ውሃ የሚጠጣው እሱ ራሱ መሆኑን ያውቃል።

ባሕሩ ወደ ዳሎል ሜዳ ከገባ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ከተማዋን ከባሕሩ የለያት ዘጠኝ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ነው። ኮንክሪት ደግሞ ሲያዩት ድንጋይ ይምሰል እንጂ ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ይገባበታል፤ ጨው ውሃውን ተከትሎ ይገባል፤ ጨው ብረቱን ይበላል። «ሰርጎ» የሚረጨው ለዚህ ነው። ሰርጎ ሠራተኞቹ ያወጡለት አጭር ስም ነው፤ ወረቀት ላይ «ሰርጎ ገብ መከላከያ ፈሳሽ» ተብሎ ይጻፋል። እንደ ቀለም ላይ ላዩን አይቀመጥም፤ ወደ ቀዳዳዎቹ ዘልቆ እዚያው ሆኖ ውሃን ይመልሳል። እንፋሎትን ግን ያሳልፋል፤ ያልተነፈሰ ግንብ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃልና። የዝቅታው ሰርጎ ከዚህም አልፎ ትንሽ ያስባል። ግንቡ ሲሞቅ ቀዳዳዎቹን ይከፍታል፣ ቀስ እያለ ሲበርድ ይዘጋል፤ ነገ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞቅ ደግሞ ከትናንቱ ይማራል።

ዘነቡ ግንብ ማጠጣት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ሥራዋን በጥንቃቄ ትሠራለች፣ ከባልደረቦቿ ጋር ብዙም አታወራም፣ እስከ ክርኗ የሚደርሰውን ጓንቷን ግንቡ አጠገብ አውልቃ አታውቅም። ከረጨች በኋላ በጣቷ ጥቂት ውሃ ግንቡ ላይ ትፈነጥቃለች። ውሃው ተድበልብሎ ከወረደ ግንቡ ደህና ነው።

በዚያ ሐሙስ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ላይ ውሃው አልወረደም። ግንቡ ጠጣው። ዘነቡ ጎንበስ ብላ ስታይ ኮንክሪቱ ላይ ጥቁር እርጥበት ቆሟል። ቁመቱ የሰው ቁመት ነው። ላዩ ክብ ነው፣ ከክቡ በታች ሁለት ትከሻ አለ። ግራው ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ብሏል።

መርጫው ከእጇ ወደቀ። ያን ትከሻ ታውቀዋለች። ባሏ ምትኩ በልጅነቱ ከግመል ወድቆ ግራ ትከሻው ተሰብሮ ነበር፤ ሳይቃና ነው ያደገው።

ምትኩ የሞተው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ውስጥ ነው። በግንቡ ሆድ የሚያልፍ የጥገና መተላለፊያ ነበር። ባሕሩ በድንገት ሰብሮ ገባ፤ የብረቱ በር ከተማዋን ለማዳን በራሱ ጊዜ ተዘጋ፤ ሃያ ሰባት ሠራተኞች ውስጥ ቀሩ። በሩን መክፈት ከተማዋን ማስጠም ስለነበር መተላለፊያው በኮንክሪት ተሞላ። አስከሬን አልወጣም፣ መቃብር አልተቆፈረም። በዚያ ቀን ፈረቃው የዘነቡ ነበር። ትኩሳት ይዟት ተኝታ ስለነበር ምትኩ ገባላት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከምትኩ እናት ከእትዬ ሸጊቱ ጋርም ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየችም።

የግንቡ ኃላፊ ኢንጂነር ሐመዱ በሬዲዮ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ጠራት። ሐመዱ ከቁጥር ሌላ ነገር የማያምን ሽማግሌ ነው፤ ያን ጠዋት ግን የግንቡን እርጥበት የሚለካውን ስክሪን እያሳያት ድምፁ ዝቅ አለ።

«ያየሽው እንፋሎቱ ቀድሞ ደርሶ ነው፤ ውሃው ራሱ ስምንት ሜትር ከሰባ ተጉዟል። ወደኛ የቀረው ሠላሳ ሳንቲሜትር ነው» አላት። «በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትልቁ ማዕበል ይመጣል። እስከዚያ ካልተዘጋ ክፍል አሥራ ዘጠኝ አይችለውም።»

«ሰርጎው ስንት ቦታ ነው የከፈተው?»

ሐመዱ ስክሪኑን ወደሷ ገፋ አደረገላት። ዘነቡ ራሷ በጣቷ ቆጠረች።

«ሃያ ሰባት ነው፣ ኢንጂነር።»

«ቆጥሬዋለሁ» አለ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ከተማውን አዳረሰው። «መጡ» ይል ነበር ሰው፤ እነማን እንደመጡ የጠየቀ አልነበረም። ከሠራተኞቹ ግማሹ ክፍል አሥራ ዘጠኝ አንሄድም ብለው መርጫቸውን አስቀመጡ። ዘነቡም ፈርታለች፤ ፍርሃቷ ግን ከእነሱ ይለያል። ምትኩ ተመልሶ ከሆነ የሚጠይቃትን ታውቃለች።

ስክሪኑ እንደሚለው እርጥበቱ በየቀኑ የሚብሰው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከተማው በሙቀት ቤቱን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት። ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሄደች።

ግንቡ ሥር ሰዎች ነበሩ። እንደሷ ከግንቡ ሌላ መቃብር የሌላቸው ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው። ሁለት መዳፋቸውንና ግንባራቸውን ኮንክሪቱ ላይ አሳርፈው፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚሳለም ሰው ግንቡን እየሳሙ፣ በለሆሳስ ያወራሉ። አንዷ ስለ ልጇ ሠርግ ትነግረዋለች። መምህር ኪሮስ የሚባሉት ሰው ለሞተችው ልጃቸው ጋዜጣ ያነቡላታል። ዝቅ ያለ ትከሻ ያለው እርጥበት በታየበት ቦታ ላይ ደግሞ እትዬ ሸጊቱ ቆመዋል፤ የቀኝ ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው መላ ክብደታቸውን ወደ ግራ ጥለዋል። ግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሏል።

ዘነቡ ነገሩ ገባት። በግንቡ ውስጥ የቆመ ሙት አልነበረም። ሰርጎው የሰው ገላ ሙቀት ሲሰማው ግንቡ ሊተነፍስ የፈለገ መስሎት እየከፈተ ነው፤ ውሃው በተከፈተለት በኩል የተደገፈውን ሰው ቅርጽ ይዞ ይመጣል። በየቀኑ ሃያ ሰባት ሰው፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። የታየው ጥላ የአልቃሾቹ የራሳቸው ነበር። እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ ከፋት፤ ምትኩ እንዲሆን ተመኝታ እንደነበር ያወቀችው ገና ያኔ ነው።

እትዬ ሸጊቱ ግንባራቸውን ሳያነሱ «አንቺም መጣሽ?» አሏት። ዘነቡ ሸሸች።

ሐመዱ ጉዳዩን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። ቅዳሜ ጠዋት ክፍል አሥራ ዘጠኝ በገመድ ታጠረ፤ ማንም እንዳይደርስ ጥበቃ ቆመ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁለቱ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው መዘጋቱን ጠበቁ። ስክሪኑ ቀላ። ግንቡ ሙቀቱን ሲያጣ አልዘጋም፤ ከወትሮው የበለጠ ከፈተ። ዘነቡ ሮጣ ወረደች። በባዶው መንገድ ዳር ግንቡ ላይ ሃያ ሰባቱ ጥላዎች ቆመዋል፤ ዛሬ ክንዳቸው ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ ክፍል አሥራ ዘጠኝን ከዳር እስከ ዳር እየዳበሱ ነው። ጥበቃው መሣሪያውን ጥሎ ሄዷል።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ ሐመዱ በሬዲዮ።

«እየፈለጋቸው ነው።»

«ውሃ እንዲከለክል ነው የሠራነው» አለ ሐመዱ። «መጠበቅን ማን አስተማረው?»

ውሃው በአንድ ቀን ስድስት ሳንቲሜትር ተጠጋ። ኮንክሪት ሳይደርቅ አዲስ ሰርጎ ቢረጩበት ደግሞ አይዝም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሰርጎው ራሱ የሚዘጋው ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲቀንስ ብቻ ነው። እንግዲህ ጡት እንደሚያስጥሉት ሕፃን ነው፤ መጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ምንም። ሃያ ሰባቱ ቤተሰቦች በየቀኑ እየመጡ፣ በየቀኑ ቀደም ብለው መሄድ አለባቸው፤ ከዚያም ጨርሶ መቅረት።

ዘነቡ እሑድ ሰብስባ ነገረቻቸው። ማንም አልጮኸም። ጩኸት ይሻላት ነበር።

«እርማችሁን አውጡ ነው የምትይን?» አሏት መምህር ኪሮስ። አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው ሞቱን አምኖ፣ አልቅሶ፣ ተስፋን መቁረጥ ነው እርም ማውጣት። አሥራ አንድ ዓመት ማናቸውም አላደረጉትም። ግንቡ እስካለ ድረስ ሰዎቻቸው ከግንቡ ማዶ ያሉ እንጂ የሞቱ አይመስላቸውም ነበር።

«አዎ» አለች ዘነቡ። «ከተማው ውስጥ አርባ ሺህ ሰው አለ።»

መምህሩ ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ከነሱ ብዙዎቹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉና ሰኞ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቆዩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ማክሰኞ የለቅሶ ድንኳን የሚሞላ ሰው ተሰብስቦ ተለቀሰ። ረቡዕ ስምንት ጥላ ጠፋ፣ ሐሙስ አሥራ ሁለት። ዓርብ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። እትዬ ሸጊቱ በየቀኑ እየመጡ ሙሉ ሰዓታቸውን ቆመው ይሄዳሉ። እሳቸውን በግድ አንሥቶ መውሰድ አይቻልም፤ ሙቀቱ በድንገት ከጠፋ ምን እንደሚሆን ታይቷል። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በእሳቸው ቦታ ውሃው ሊወጣ የቀረው አራት ሳንቲሜትር ነበር።

ዘነቡ አጠገባቸው ደርሳ ቆመች።

«እማማ፣ ሦስት ሰዓት ነው የቀረን።»

«ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

«ሥራዬ እርስዎ ነዎት ዛሬ።»

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ። ግንባራቸው ላይ የኮንክሪቱ ጨው ነጭ ሆኖ ደርቋል። «እርም ለብቻ አይወጣም» አሉ። «ሚስቱ ሳታለቅስ ልጄን ልቅበረው? አሥራ አንድ ዓመት ደጄን ረግጠሽው ታውቂያለሽ? የማክሰኞው ለቅሶ ላይ እንኳ አላየሁሽም። እኔ ከዚህ ከሄድኩ እሱን ማን አለሁህ ይለዋል?»

ዘነቡ ጓንቷን አወለቀች። መዳፏንና ግንባሯን ከአሮጊቷ ጎን ግንቡ ላይ አሳረፈች። ኮንክሪቱ እርጥብና ለብ ያለ ነበር።

«ፈረቃው የኔ ነበር» አለች ለግንቡ። «በእኔ ፋንታ ነው የገባው። እኔ ነበርኩ መሞት የነበረብኝ። እማማ፣ እርስዎን በምን ዓይኔ ልይዎት?»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ሸጊቱ።

«ምን?»

«ያን ዕለት ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ‹እናቴ፣ ዘነቡ ትኩሳት ይዟታል፣ ፈረቃዋን ልገባላት ነው፣ ሾርባ ነገር ሠርተሽ ውሰጂላት› አለኝ። ሾርባውን ይዤ መንገድ ላይ ሳለሁ ነው ከተማው የተናወጠው።»

«ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር? ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ነገ ትመጣለች እያልኩ ነዋ። ልጄን የገደልሽብኝ አንቺ አይደለሽም። ብቻዬን ስላስለቀስሽኝ ግን ተቀይሜሻለሁ።»

ዘነቡ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ደረቷን እየደቃች፣ አሥራ አንድ ዓመት የዋጠችውን ሁሉ አወጣችው። አሮጊቷ ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ ተነሣ፤

«ከግንብ ጋር ሳወራ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ዛሬ ገና ሰማሁ ሙታን ዝም እንዳሉ።»

ከዚያ ግንባራቸውን አነሡ። ቆዩ። ቀኝ መዳፋቸውን አነሡ፣ ቆይተው ግራውን። ዘነቡ እጃቸውን ይዛ አብራ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። ከዚያ ሌላ እርምጃ። በየመሐሉ እየቆሙ፣ ዓይናቸውን ከግንቡ ሳይነቅሉ።

«እየዘጋ ነው» አለ ሐመዱ በሬዲዮ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። «ውሃው ሰባት ሳንቲሜትር ራቀ... አሥራ ሦስት... ሌሎቹ ሳምንት የፈጀባቸውን በአንድ ሰዓት! ከሃያ ስድስቱ ተምሯል።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማዕበሉ መጣ። ግንቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጉረመረመ፤ ከየሱቁ መደርደሪያ ዕቃ ወደቀ፤ ሰው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ክፍል አሥራ ዘጠኝ አልረጠበም።

ሐመዱ ሪፖርቱን ሲጽፍ «የብልሽቱ መንስኤ» በሚለው ቦታ ላይ «ሐዘን» ብሎ ጻፈ። አየት አደረገና ሰረዘው፤ «ሙቀት» ብሎ ተካው። የበላዮቹ የሚገባቸው ይሄኛው ነው። ሁለተኛው ቃልም ውሸት አለመሆኑን እያሰበ ፈረመበት።

ዘነቡና እትዬ ሸጊቱ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወጣውን ባቡር ተሳፈሩ። አሮጊቷ መስኮቱን ትንሽ ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ አንገታቸው ዘንበል አለና ራሳቸው ዘነቡ ትከሻ ላይ አረፈ። እንቅልፍ ወሰዳቸው። ክብደታቸው እንደ ሕፃን ነበር። የዘነቡ ፌርማታ ደረሰ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ዘነቡ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣ ቀረች።