ጨጉን ማን ሰላም ይበለው?

በእትዬ ዘውድነሽ ጓሮ ጎመን አለ። ቃሪያ አለ። የሚያንጠባጥብ የውሃ ቧንቧም አለ። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ጎመኑ ሥር ጉንዳኖች ይኖራሉ። ቃሪያው ላይ ደግሞ ፈንታ የሚባል ፌንጣ ይኖራል። ፈንታ መዝለል እንጂ መራመድ አይወድም።

እነዚህ ጎረቤታሞች አንድ ልማድ አላቸው። ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ ከመብላታቸው በፊት፣ ትከሻ ለትከሻ እየተገጫጩ ሰላም ይባባላሉ።

ገጭ! ገጭ! ገጭ!

«እንዴት አደርክ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን።»

ሦስት ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ መቀያየም ይመጣል። ጭራሽ ሰላም ሳይባሉ ቁርስ መብላትማ ትልቅ ነውር ነው።

ሰኞ ዕለት ኃይለኛ ነፋስ ነፈሰ። ሹውውው! ከአጥሩ ማዶ ካለው የዋንዛ ዛፍ ላይ አንድ ቅጠል ገነጠለና ጎመኑ መሃል ጣለው። ዷ!

ቅጠሉ ላይ አንድ ትንሽ አባጨጓሬ ነበር። ስሙ ጨጉ ነው። ከራሱ እስከ ጅራቱ ፀጉር በፀጉር ነው።

ጨጉ ቀና ብሎ አየ። ዋንዛው በጣም ሩቅ ነበር። ወንድሞቹና እህቶቹ ሁሉ እዚያ ላይ ቀርተዋል።

«አይዞህ፣ ጨጉ» አለ ለራሱ። «እዚህም ጎረቤት አይጠፋም።»

ማክሰኞ ጠዋት ጨጉ ጉንዳኖቹን አያቸው። ገጭ! ገጭ! ገጭ! ይባባላሉ። ልማዱ ደስ አለው። እሱም ትከሻውን አመቻችቶ ጠበቀ።

የአባጨጓሬ ትከሻ የት እንደሆነ ብቻ አትጠይቁኝ።

ፈንታ እንግዳ ይወዳል። እመር ብሎ መጣ። «እንዴት አደርክ፣ እንግዳው?» አለው። ገጭ!

ሁለተኛው ገጭ አልመጣም።

«ኧረ! ኧረ አሳከከኝ!» አለ ፈንታ። አከክ፣ አከክ፣ አከክ። በፊት እግሩ አከከ። በኋላ እግሩ አከከ። ከቃሪያው ግንድ ጋርም ተፋተገ።

ጉንዳኖቹ ይህን አዩ። «አይነካም፣ አይነካም» ተባባሉ። ሰልፋቸውን ጠምዘዝ አድርገው፣ በሩቁ ዞረው አለፉ።

ጨጉን ሰላም ያለው የለም። ስለዚህ ቁርሱን አልበላም።

በጣም ሲርበው መሬት ላይ የወደቀ ደረቅ ቅጠል ቀመስ አደረገ። እሱ ቁርስ አይባልም።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ዘውድነሽ ጎመኑን ውሃ አጠጡ። መሬቱ ጭቃ ሆነ። ጨጉ ጭቃውን አየና አንድ ሐሳብ መጣለት።

«ችግሩ ፀጉሬ ነው» አለ። «ፀጉሬ ካልታየ ማን ያውቅብኛል?»

ጭቃው ውስጥ ተንከባለለ። ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ። በሆዱ ተንከባለለ፣ በጀርባው ተንከባለለ። ፀጉሩ ሁሉ ጠፋ። ጨጉ አጭር እንጨት መሰለ።

ፈንታ አላወቀውም። «እንዴት አደርክ?» አለው። ገጭ! ገጭ!

የጨጉ ልብ በደስታ ዘለለ። «ደህና፣ እግዜር...» ማለት ጀመረ።

ጭቃው ግን ፀሐይ አግኝቶት ደርቆ ነበር። ቀጭ አለ። ተሰነጠቀ። ፍርፍር ብሎ ወደቀ። ፀጉሩ አንድ በአንድ ብቅ፣ ብቅ፣ ብቅ አለ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለ ፈንታ። አከክ፣ አከክ፣ አከክ። «አታለልከኝ። አውቀህ ነው ያሳከክከኝ።»

«እኔ እኮ ሰላም እንድትለኝ ብዬ ነው» አለ ጨጉ ቀስ ብሎ። ፈንታ ግን ተቀይሞ ሦስት ዝላይ ርቋል። አልሰማውም።

ሐሙስ ጠዋት ጨጉ ትልቅ የጎመን ቅጠል ሥር ተደበቀ። ማንንም እንዳያሳክክ ጥቅልል አለ።

ከውጭ ገጭ! ገጭ! ገጭ! ይሰማል። «እንዴት አደርሽ?» «ደህና፣ አንተስ?» ይሰማል። ጨጉ ጆሮውን ሊደፍን ፈለገ፤ ግን ጆሮም የለው።

«እንዴት አደርክ፣ ጨጉ?» አለ ለራሱ።

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ብሎ ራሱ መለሰ።

ትንሽ ቆየና እንደገና ጠየቀ። እንደገናም መለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ መልሱ ሰለቸው።

ቀጥሎ ከጎመኑ ግንድ ጋር ተገጫጨ። ገጭ። ገጭ። ገጭ። ግንዱ ዝም አለ።

ጨጉን ሆድ ባሰው። ያ ሁሉ ጎረቤት በዙሪያው እያለ ብቻውን ነበር። አንድ ትንሽ እንባ ፀጉሩ ላይ ተንጠለጠለች።

ቀኑ ረዘመ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች። ያን ጊዜ ጨጉ አንድ ድምፅ ሰማ።

ሸርተት... ሸርተት... ሸርተት...

ቅጠሉ ጫፍ ላይ ሁለት ቀንዶች ብቅ አሉ። ከዚያ ራስ መጣ። ብዙ ቆይቶ ደግሞ ቤት መጣ። አሮጊቷ ቀንድ አውጣ፣ እማማ ዝግታ ነበሩ።

«እማማ፣ አይጠጉኝ» አለ ጨጉ ቶሎ ብሎ። «ፀጉሬ ያሳክካል። ሳይነኩኝ በፊት ይወቁት ብዬ ነው።»

«ጎሽ፣ እንኳን ነገርከኝ» አሉ እማማ ዝግታ። «እኔም ቀንዴን ሲነኩኝ አልወድም። ገጭ ካደረጉኝ እልም ብዬ ቤቴ እገባለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አድርገው ሰላም ይላሉ?» አለ ጨጉ።

እማማ ዝግታ ወደ እሱ አልቀረቡም። እዚያው ቅጠሉ ጫፍ ላይ እንዳሉ ቀንዳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ጎንበስ... ቀና። ጎንበስ... ቀና። ጎንበስ... ቀና።

ሦስት ጊዜ ነው። ማንም ማንንም አልነካም። ማንንም አላሳከከውም።

ጨጉም ከጥቅልሉ ተፈታ። ጎንበስ... ቀና። ጎንበስ... ቀና። ጎንበስ... ቀና።

«እንዴት ሰነበትክ፣ ልጄ?» አሉ እማማ ዝግታ።

ጨጉ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ሊል ነበር። አፉ እምቢ አለው።

«ብቻዬን ሰነበትኩ» አለ።

እማማ ዝግታ ቀንዳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘገየሁብህ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። «ሰኞ ዷ! ሲል ሰምቼ ነበር። እንግዳ መጥቷል፣ ሄጄ ሰላም ልበለው ብዬ ያኔውኑ ከቧንቧው ሥር ተነሳሁ።»

«ሰኞ?» አለ ጨጉ። «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

«አዎ» አሉ እማማ ዝግታ። «በጣም ፈጥኜ ነው የመጣሁት።»

ከቧንቧው እስከ ጎመኑ ለእትዬ ዘውድነሽ አሥር እርምጃ ነው። ለእማማ ዝግታ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ነው።

ጨጉ አሰበ። ማክሰኞ ቁርስ ሳይበላ ሲውል እማማ ዝግታ መንገድ ላይ ነበሩ። ረቡዕ ጭቃው ሲፈረፈር መንገድ ላይ ነበሩ። ዛሬም ከግንዱ ጋር ሲገጫጭ ወደ እሱ እየመጡ ነበር። ሸርተት... ሸርተት... ሸርተት...

«በል፣ አሁን ቁርስ እንብላ» አሉ እማማ ዝግታ።

«ሊመሽ ነው እኮ» አለ ጨጉ።

«ይምሽ። ሰላም ተባብለናል አይደል?»

እሳቸው ከዚያኛው ጫፍ፣ እሱ ከዚህኛው ጫፍ ጎመኑን በሉ። ቅርምጭ! ቅርምጭ! ቅርምጭ! ጨጉ እንዲህ የሚጥም ጎመን በልቶ አያውቅም።

በመሃል ጨጉ ቀና ሲል ፈንታን አየው። ፈንታ ከጎን ካለው ጎመን ላይ ሆኖ ያያቸዋል። አሁንም አልፎ አልፎ አከክ አከክ ያደርጋል።

ጨጉ ፈራ። ግን ከቅጠሉ ሥር ወጣ፣ ከነፀጉሩ። «ፈንታ፣ ትናንት ስላታለልኩህ ይቅርታ» አለ ከሩቅ። ጎንበስ... ቀና። ጎንበስ... ቀና። ጎንበስ... ቀና።

ፈንታ ማከኩን አቆመ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ እሱም ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና አለ። ችኩል ስለሆነ በሦስተኛው ከቅጠሉ ላይ ወደቀ።

«ደህና ነኝ» አለ ከታች።

መሸ። ጉንዳኖቹ ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ።

«አሁን ብነሳ ቤቴ የምደርሰው እሁድ ነው» አሉ እማማ ዝግታ። «እዚሁ ባድር ይከፋሃል?»

«ይደሩ፣ እማማ» አለ ጨጉ። እማማ ዝግታ ቤታቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ አልጋ ማንጠፍ አላስፈለገም።

ከዚያኛው ጫፍ እሳቸው ተኙ። ከዚህኛው ጫፍ ጨጉ ጋደም አለ። መሃላቸው ባዶ ቅጠል ነበር፣ ግን ብዙም ሰፊ አይመስልም።

«እማማ» አለ ጨጉ በጨለማው ውስጥ። «ነገ ይሄዳሉ?»

«አንድ ቀን መሄዴ አይቀርም፣ ልጄ» አሉ እማማ ዝግታ ከቤታቸው ውስጥ። «ግን ጠዋት ብነሳ እንኳ እስከ ማታ ታየኛለህ።»

ጨጉ ሳቅ አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ተኛ።