ያበበው ቀርከሃ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት ማብቂያ፣ ከዳምቦያ በላይ ባለው ደጋ የግራዝማች ላምቤቦ ቀርከሃ አበበ። ግራዝማች በንጉሡ ዘመን ከተከሉት ወዲህ አበባ ያየበት ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን አገዳው ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ገለባ የመሰለ አበባ አንጠልጥሎ፣ በትንሽ ነፋስ ይንኮሻኮሽ ነበር። የሟቹ ግራዝማች ምራት፣ መበለቲቱ ጣቢታ፣ ይህን ባየች ጊዜ የአማቷ ቃል ትዝ አላት።

አንድ ልጇ ሚክያስ ከፋሲካ በኋላ አዜብን ሊያገባ ቀን ተቆርጧል፤ የጎጆው ወራጅም ማገሩም ከዚያው ቀርከሃ እንዲሆን ታስቧል። ግራዝማች ግን ጣቢታ ገና ሙሽራ ሳለች፣ «ልጄ፣ ቀርከሃ ያበበ ዕለት ኃይሉን ለዘሩ አውርሶ ይሞታል፤ ሬሳ ደግሞ ቤት አይሸከምም» ብለዋት ነበር።

እሑድ ከጸሎት በኋላ መጋቢ ቲቶን አማከረቻቸው።

«መጋቢ፣ ሌላ እንጨት ብንፈልግ ምን ይመስልዎታል?»

«እህቴ ጣቢታ፣ በዛፍና በቅጠል ምልክት ሲያዩ የኖሩት አያቶቻችን ናቸው። ጌታ ከዚያ አውጥቶን የለም እንዴ? አበባ ይፈራል?»

ጣቢታ አፈረች። በምእመናን ፊት ሟርተኛ መባል ከሁሉ ከበዳት፤ የአማቷንም ቃል ዋጥ አደረገችው።

«እማዬ፣ ቀኑ እኮ ደረሰ፤ ቁረጥ በይኝ እንጂ» አላት ሚክያስ።

«ቁረጥ፣ ልጄ።»

መጥረቢያው ባረፈበት ቁጥር ቀርከሃው እንደ ደረቀ የበቆሎ አገዳ ቀሽ ይል ነበር። ቤቱ ግን ቆመ፤ ሣርም ለበሰ።

በመጋቢት የኮሮና ወረርሽኝ አገር ገባ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ጉባኤው ተከለከለ፣ የሆሳዕና ከተማ መናኸሪያም ጭር አለ። መጋቢ ቲቶ ጋብቻውን በጓሮ፣ በጥቂት ሰው ፊት ባረኩ። ሕዝቡ ሁሉ ሞት በመንገድ ይመጣል ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ጣቢታም በልጇ ደጅ የእጅ መታጠቢያ ውኃ አኖረች፤ ጣራውንም ማየት ተወች።

በሐምሌ ክዳኑ ዝናብ ጠጥቶ ከበደ። አንድ ማለዳ አዜብ ውኃ ልትቀዳ እንደ ወጣች ወራጁ ተንቋቋና ጣራው ወረደ፤ ሚክያስ ከሥሩ ቀረ።

በቀብሩ ላይ ጣቢታ ከመጋቢ ቲቶ ፊት ቆመች።

«መጋቢ፣ ምልክት አልነበረም፤ ምክር ነበር» አለቻቸው።



ታሪክ ያን ዓመት የሚያስታውሰው በወረርሽኙ ነው፤ የሞቱትም በየዕለቱ በራዲዮ ተነግረዋል፤ ሚክያስ ግን በበሽታው አልሞተምና ከቁጥር አልገባም። ከሞተው ቀርከሃ ሥር የበቀለው ችግኝ ዛሬ ከሰው ቁመት አልፏል። ጣቢታ ደግሞ እስኪያብብ በሕይወት እንደማትቆይ ታውቃለች፤ ስለዚህ ቤት ሊሠራ የሚያስበውን ሁሉ እያስቆመች የአማቷን ቃል ትነግራለች። ሰዎቹም አንገታቸውን ነቅንቀው፣ «ጣቢታ ከልጇ ሞት በኋላ ሟርት ጀመረች» ይላሉ።