ሁለት የፊት ጎማዎች

የእትዬ ሄስተር አሮጌ መኪና፣ ትራያምፏ፣ ሦስተኛውን ኩርባ ስታ መንገዱን የሚያመለክቱትን የላስቲክ ኮኖች ደፈጠጠቻቸው። ሮዌና የሰዓት መቁጠሪያውን አቆመች፤ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

«አርባ አንድ ነጥብ ስድስት ሰከንድ!» አለ አባቷ ክላይቭ ከትከሻዋ በላይ አጮልቆ። «የእኔዋ ኤምጂ ሠላሳ ስምንት! ጻፊው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የመኪና ክበቡ በየመስከረሙ በዚህ በተተወ የአውሮፕላን ማረፊያ ሁለት አሮጌ መኪናዎች ያወዳድራል፤ ውጤቱም በክበቡ መጽሔት ይወጣል። አራት ዓመት በተከታታይ ያሸነፉት እትዬ ሄስተር ናቸው። ትራያምፏ ቀጥታው ላይ ትፈተለካለች፤ ኤምጂዋ ኩርባ ላይ ቀለል ትላለች። ልዩነታቸው ግን ከአንድ ሰከንድ አልፎ አያውቅም ነበር።

ዛሬ ተራቸው ከመድረሱ በፊት እሳቸው ሻይ ሊቀዱ ሄድ ሲሉ አባቷ ትራያምፏ አጠገብ ተንበረከከ። ሮዌና የጫማውን ክር የሚያስር መስሏት ነበር። ከዚያ አየር ሲወጣ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ መጀመሪያ ከአንደኛው የፊት ጎማ፣ ቀጥሎ ከሌላኛው። ምን ልበል ስትል እትዬ ሄስተር ተመልሰው ሞተሩን አስነሡ።

እትዬ ሄስተር ከመኪናቸው ቀስ ብለው ወረዱ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው።

«መሪውን ብጠመዝዝ ብጠመዝዝ እምቢ አለችኝ» አሉ መዳፋቸውን እያዩ። «እሷ ምን አጠፋች፣ ክንዴ ነው የከዳኝ። አርባ ዓመት ነዳኋት፤ ይበቃል። ቅዳሜ ገዢ እፈልግላታለሁ።»

«አይ እትዬ፣ ዕድሜ ማንን ይምራል ብለው ነው!» ክላይቭ ከት ብሎ ሳቀ።

የሮዌና ፊት ጋለ። ሳቁ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

«አባዬ፣ ንገራቸው» አለች በዝግታ።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

«ቀልድ ነው እኮ! እሳቸውስ ዓመቱን ሙሉ ሲያበሽቁኝ አልከረሙም? በይ አፍሽን ዘግተሽ ጻፊ።»

«መኪናቸውን ሊሸጡ ነው!»

«የራሳቸው ጉዳይ።»

መመዝገቢያውን እርጥቡ ሳር ላይ ወረወረችው። ወደ ኤምጂዋ ሄዳ ከኋላ በእግር የሚረገጠውን የጎማ መንፊያ ፓምፕ ጎትታ አወጣች። ተመልሳም የትራያምፏ የፊት ጎማ ላይ ቱቦውን ገጠመች። ሻይ ይጠጡ የነበሩት የክበቡ ሰዎች ጠጋ አሉ።

«ምን ሆነሻል የኔ ልጅ?» አሉ እትዬ ሄስተር።

«እንደገና ይነዳሉ» አለች ቱቦውን እያጠበቀች። «አሁን ያየነው አይቆጠርም።»

አባቷ በስሟ ጠራት። ሳትዞር ፓምፑን መርገጥ ጀመረች።