ነጩ ክር

ማመን ያልፈለገ አይመን። እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ...

የገና የመዝሙር ዝግጅት ቀን ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመዘምራኑን ቀይ ቀሚስ የሰፋነው እኛ ስለሆንን፣ የስፌት ቤታችን ሴቶች በሙሉ በአንድ ሚኒባስ ታጭቀን ሄድን። ለእኔ ግን ቀሚሱ ሰበብ ነው። ታናሽ እህቴ ሚጢ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትዘምር ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ጋ የቀሚስ ጠርዝ ዝም ብሎ አይሰፋም። መጀመሪያ በነጭ ክር፣ በእጅ፣ ለጊዜው እናያይዘዋለን። ባለቤቷ ለብሳው ልኳ ከሆነ በስፌት መኪና ሰፍተን ነጩን ክር እንመዘዋለን። ያኔ ቀሚሱ የእሷ ሆነ ማለት ነው።

አንዷ ዘማሪ፣ የሚጢ ጓደኛ፣ ቀሚሷን ሳትለካ ሞተች። ነፍስ ይማር። ቀሚሱ ከነነጭ ክሩ ስፌት ቤት፣ ልብስ የምናለብሰው አሻንጉሊት ላይ ቀረ። ስንወጣ በሩን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ።

መዘምራኑ ገቡ።

"እሰይ! እጃችን ይባረክ!" አሉ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ።

እኔም እየሳቅኩ ሚጢን ፈለግኳት። አገኘኋት።

ከጎኗ የቆመችው ልጅ ግን... የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ነጭ ክር አለ።



"እትዬ... ከሚጢ ጎን ያለችውን ይዩዋት።"

"ምኗን?"

"ጠርዟን።"

አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከዚያ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

"በሩን ቆልፈሻል?"

"ቁልፉ ይኸው... ቦርሳዬ ውስጥ።"

"በስመአብ በይ።"

ዘማሪው ሁሉ መሪውን ያያል። እሷ የምታየው ሚጢን ብቻ ነው።

ለሻማው መዝሙር መብራት ጠፋ። ሚጢ ብቻዋን ጀመረች። ድምጿ መሀል ላይ... ቁርጥ አለ።

ወዲያው ቀጠለ። ሰው ሁሉ ትንፋሽ ያጠራት መሰለው።

መብራት ሲመጣ ያቺ ልጅ የለችም። ሚጢ ብቻ። ተመስገን አልኩ። አይ የኔ ነገር!

ሲያልቅ ሚጢ ካፖርቷን ደርባ መጣች። አቀፍኳት። በረዶ ሆናለች።

"በረደሽ እንዴ?"

ራሷን ነቀነቀች። ወሬ ከጀመረች ማን ያስቆማታል የምትባል ልጅ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም።

"እስቲ ስፌት ቤቱን እንየው" አሉ እትዬ።

ከፈትኩ። አሻንጉሊቱ ቀዩን ቀሚስ ለብሶ ቆሟል። እፎይ ልል ስል...

ነጭ ክር የለውም።

የአንገቱን ውስጥ ገለበጥኩት። ለሚጢ ብቻ የጠለፍኳት ትንሿ ሰማያዊ አበባ! ብብቱ በላብ ርሷል። ገና ይሞቃል።

"እህቴ..." አለች ከኋላዬ።

ሚጢ እህቴ ብላኝ አታውቅም። እታለም ነው የምትለኝ።

ዞርኩ። ካፖርቷን አውልቃ ጥላዋለች። ጠርዟ ላይ... ነጭ ክር።

"ልኬ ነው አይደል? ምዘዢልኝ።"

አልመዘዝኩትም። እስካሁንም።

ሰው ሁሉ ሚጢ ናት ይለኛል። እትዬ ብቻ ቤታችን መምጣት አቁመዋል። ልጅቷ ያንን ቀሚስ አታወልቀውም። እኔም የሚጢን ቀሚስ ከአሻንጉሊቱ ላይ አላወለቅኩትም። ሥራ ስገባ ብብቱን እነካዋለሁ፤ ይሞቃል። ነጩ ክር እስካለ ድረስ እህቴ ትመለሳለች ብዬ እጽናናለሁ።

ጠዋት ጠዋት ግን ክሩን ትንሽ ተመዞ አገኘዋለሁ። ማን እንደሚመዘው አላውቅም።

ዛሬ የቀረው ከጣቴ አይበልጥም።

የሚጢም ቀሚስ... መብረድ ጀምሯል።