የፒያሴና አራተኛ ፏፏቴ

አርባ ዓመት የጥንታዊውን የሲጊሪያ የድንጋይ አምባ የውሃ አትክልት ስፍራ ሲንከባከብ የኖረው ሽማግሌው ፒያሴና፣ ከአምባው ግርጌ፣ ውሃ ሽቅብ ከሚረጩት የድንጋይ ፏፏቴዎች አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ቁርሱን ይዛ የመጣችው ሚስቱ ሶማዋቲ ናት። አናቱ በድንጋዩ ጠርዝ ተፈንክቷል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ዓይኖቹን ከድኖ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎለታል።

ኢንስፔክተር ኢንድራኒ ስትደርስ የማለዳው ዝናብ ካባራ ቆይቷል፤ ፏፏቴዎቹም ዝም ብለዋል። ጎንበስ ብላ አስከሬኑን አስተዋለች። ጥፍሮቹ ውስጥ ጥቁር ደለል አለ። ከአራቱ ፏፏቴዎች የአንዱ ቀዳዳዎችም ገና አሁን ተጠርገዋል።

«ይሄኛው ይሠራ ነበር?»

«ኧረ የት! ሃያ ዓመት የተደፈነ ነው» አለ አስጎብኚው ኡፓሊ። «በየቀኑ ይጎረጉረዋል፤ እኛም እንስቅበታለን።»

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እንግዶቼን ከሣሩ ላይ ሲያባርርብኝ ጮህኩበት። በዚህ ሰው ይገደላል እንዴ፣ እመቤቴ? ዛሬ ደግሞ የመጣሁት ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከዳምቡላ በአውቶቡስ ነው። ሹፌሩን ይጠይቁት።»

ሹፌሩ ተጠየቀ፤ እውነቱን ነበር።

ወደ አምባው የሚያስወጣው ደረጃ ዘበኛ ጂናዳሳ፣ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ ፊቱን አዙሮ ቆሟል።

«እርስዎስ፣ አባቴ?»

«ከትናንት ወዲህ አላየሁትም። ማለዳ በቀጥታ ላይ፣ ከድንጋይ ወደተቀረጸው የአንበሳ መዳፍ ወጣሁ፤ የወረድኩት የሶማን ጩኸት ሰምቼ ነው።» ቆቡን አወለቀ። «ደግነቱ፣ አራቱም ሲረጩለት አይቶ ነው የሞተው።»

 ኢንድራኒ ሦስቱንም የፏፏቴዎቹ ገንዳ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ፏፏቴው የተከፈተው ዛሬ ማለዳ ነው፤ ደለሉ እስካሁን ጥፍሩ ውስጥ አለ። ውሃው የሚረጨው ደግሞ በዝናብ ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ፣ እርስዎ ሲደርሱ ይረጭ ነበር?»

«ቆሞ ነበር» አለች ሶማዋቲ።

«ዝናቡ ሲዘንብ ኡፓሊ ገና አልመጣም ነበር። ከአንበሳው መዳፍ ሆኖ ይሄን ቦታ ማየት አይቻልም። ስለዚህ አራቱም ሲረጩ ያየ ሰው፣ ያን ሰዓት እዚሁ ከሟቹ ጋር ቆሞ ነበር። ዓይኑን የከደነለትም የሚወደው ሰው ነው። አባቴ፣ ምን ተባባላችሁ?»

ጂናዳሳ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ደስ ብሎት ዘለለ፤ አቀፈኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ‹ላሊትን የገደልኩት እኔ ነኝ› አለኝ።»

ላሊት የጂናዳሳ አንድ ልጁ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ተርብ ወርሮት፣ ከደረጃው ላይ ወድቆ ሞተ።

«ተርቡን የቀሰቀሰው የእንግዶች ጫጫታ ነው ብሎኝ ነበር እኮ! ለካ የተርቡን ጎጆ ሊያነሳ ጭስ ያጨሰበት እሱ ኖሯል። ሠላሳ ዓመት አብሬው በላሁ። ገፈተርኩት፤ አንዴ ብቻ። አልነሳም አለኝ። ምነው ዝም ብሎ በኖረ!»

«እኔ ነኝ» አለች ሶማዋቲ። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። «ትናንት፣ ‹ንገረውና ተገላገል፤ ጂናን አውቀዋለሁ፣ ይቅር ይልሃል› ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጂናዳሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«እውነትሽን ነው፣ ሶማ» አላት። «እስከ ማታ በሕይወት ቢቆይልኝ ኖሮ፣ ይቅር እለው ነበር።»